«የሐበሻ ቀጠሮ» የማን ቀጠሮ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ብቸና ግጥም የምንወድ ስድስት ሰዎች ለስምንት ሰዓት ተቀጣጥረን ነበር። በስምንት ሰዓት የተገኘነው እኔና የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ ብቻ ነን። ሁለተኛው ሰው ዘጠኝ ሊሆን ሲል መጣ፤ የመጨረሻው ዐሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። ወንበር እየሳበ ፈገግ ብሎ፣ «መቼም የሐበሻ ቀጠሮ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ «አዲስ ግጥም ያመጣ አለ?» ተባለ። ማንም አላመጣም። አንዱ ሥራ በዝቶበታል፤ አንዱ ስሜቱ አልመጣለትም፤ አንዱ ጀምሮ አልጨረሰውም። በዚህም ሳቅን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ያ ሳቅ ጎረበጠኝ። የሳቅነው በማን ላይ ነበር? በራሳችን ላይ ቢሆን ደግ ነው፤ በራሱ የሚስቅ ሰው ለመታረም ቅርብ ነው። እኛ ግን በራሳችን አልሳቅንም። የራሳችንን ጥፋት «ሐበሻ» ለሚባል፣ በቦታው ለሌለ፣ አፍ አውጥቶ ለማይከራከር ሰው ሰጥተን በእርሱ ነው የሳቅነው።

እንግዲህ ሙግቴን በአጭሩ ላስቀምጥ። «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚባለው አባባል በአገሬው ላይ የተነገረ ሐሰት ነው። ዛሬ ነገ ማለት የአገሬ ሰው ባሕል አይደለም። የእኛ የደመወዝተኞች፣ የዲግሪ ባለቤቶች፣ «ብዕር ጨብጠናል» ባዮች ልማድ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር፦ በሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ወጪ ጽፈናል።

እስቲ ብቸናን ከቦ የተኛውን ጥቁር አፈር ተመልከቱ። ይህ የነጭ ጤፍ አገር ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ መሬቱን አንዴ አርሶ አይበቃውም፤ ደጋግሞ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ ከዚያ ነው ዘሩን የሚበትነው። ጥቁር አፈር ደግሞ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይሰነጣጠቃል፤ ሲርስ እንደ ሙጫ እግርና ማረሻ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ለሥራ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ያ እርጥበት ካመለጠ አመለጠ ነው። ገበሬው ለመሬቱ «ስሜቱ አልመጣልኝም» ሊል አይችልም። ቢልስ ማን ይሰማዋል?

ባለፈው ሐምሌ አንድ አባት ወደ እኔ መስኮት መጡ። ጥቂት ቆዩና፣ «ልጄ፣ ቶሎ ብታሰናብተኝ፤ በሬዎቹን ለልጅ አስይዤ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ያቆየኋቸው መሥመሩ ተቋርጦ አልነበረም። ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ እያነበብሁ ነበር። የጽሑፉ ርዕስ ጊዜን በአግባቡ ስለ መጠቀም ነበር። ከሁለታችን የሐበሻን ቀጠሮ ያበላሸው ማን ነው?

ከገበሬው ቤት ወደ ቅኔ ቤት እንሂድ። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ደብረ ወርቅ አለች። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ስንል ደረታችንን እንነፋለን። ነገር ግን የቅኔ ቤት ምን ዓይነት የሥራ ቤት እንደ ሆነ ልብ የምንል ጥቂት ነን። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል። ቀን ጫካ ወይም ጥላ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል። ለመምህሩ መንገሪያው ሰዓት ሲደርስ ከፊታቸው ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ያርሙታል፤ ቤቱ የጎደለውን፣ ዜማው የሰበረውን፣ ምሥጢሩ የሳሳውን እዚያው ይነግሩታል። ጀማሪ ከሆነ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፣ ሲጎለምስ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ እየቆጠረ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የጓደኛን ቅኔ የራስ ማስመሰል ነውር ነው። ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይጠበቅበታል።

ልብ በሉ! ይህ ልጅ ጠረጴዛ የለውም፤ መብራት የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጠገበ ሆድም የለው። እርሱ ግን አዲስ ነገር ይዞ ይቀርባል። እኔ ጠረጴዛም፣ መብራትም፣ የጠገበ ሆድም አለኝ፤ ከስድስት ወር በላይ አንዲት ግጥም ሳልጽፍ ከርሜያለሁ። ልዩነቱ የተሰጥዖ ነውን? አይመስለኝም። ለእርሱ የምትመጣ ማታ አለችው፤ በማታዋም የሚጠብቀው ጆሮ አለ።

ሦስተኛው ምስክሬ ድልድይ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ የኖረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን ሰበሩት ይባላል። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዓመት ያህል እንደ ተሰበረ ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሁለቱ ወገን ሰዎች በስባሪው ጫፍና ጫፍ ቆመው፣ መንገደኛውን በገመድ አስረው፣ ከታች ዓባይ እየጮኸ፣ ከወዲህ ወደዚያ እየሳቡ አሻገሩ። የዚያን መሻገሪያ ፎቶግራፍ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት አወጣው። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ፎቶውን አየና በዓመቱ ገደማ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ ከረዳቶቹና ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። ብረቱን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ዳግመኛም ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

ይህን የምተርከው ፈረንጅን ለማወደስ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በእነዚያ ስልሳ ዓመታት ዛሬ ነገ ይል የነበረው ማን ነው? ገመድ የሚስበው ሰው አይደለም። እርሱ አንድ ቀን «ነገ እስብሃለሁ» ቢል መንገደኛው በመካከል አየር ላይ በቀረ ነበር! ዛሬ ነገ ያለው ወረቀት፣ ማኅተምና መጽሔት የያዘው ወገን ነው። ያ ወገን ደግሞ እኔ ነኝ፤ እናንተም ናችሁ።

እስካሁን ሰው ከሰስሁ። አሁን ራሴን ልክሰስ።

የተወለድሁት ሞጣ ነው፤ በብቸና ባንክ ቤት የተቀጠርሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። በሙያዬ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ የቀኑ ሒሳብ ሳይዘጋ ቤት አይገባም። ዐሥር ብር ከጎደለ ጎደለ የተባለው እስኪገኝ ቫውቸር ይገለበጣል፤ ብር እንደገና ይቆጠራል። መሽቶ፣ ዝናብ ጥሎ፣ ራት ቀዝቅዞ እንኳ ቢሆን «ነገ እናየዋለን» የሚል የለም። እነሆ፣ የሰው ገንዘብ ሲሆን ዛሬ ነገ ማለትን አላውቅም። ታዲያ ይህ ጠባይ ከባንኩ በር ውጪ ወዴት ይሄዳል?

ሞጣ፣ በእናቴ ቤት አጠገብ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ አንድ የኔታ ነበሩ። ከፊደል አልፌ ለአንድ ክረምት ቅኔ ጀምሬባቸው ነበር፤ የዘመኑ ትምህርት ወሰደኝና ተውሁት። በስተርጅና ዓይናቸው ደከመ፤ ልባቸው ግን እንደ መዝገብ ቤት ነበር። ከመምህሮቻቸው የሰሙትን፣ መምህሮቻቸውም ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ቅኔ ከነታሪኩ ያውቁ ነበር፤ ማን በምን በዓል፣ በማን ፊት፣ ማንን ነክቶ እንደ ተቀኘው ጭምር። ከዚህ ውስጥ የተጻፈው ጥቂት ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙና፣ «አንተ ልጅ፣ ብራናው እኔ ነኝ፤ ሳልቀደድ ና» አሉኝ። «እመጣለሁ የኔታ፤ እርስዎ ብቻ ይጠብቁኝ» አልኋቸው።

ብቸና ስመለስ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእርሳቸውን ስምና ቀኑን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍሁ። ከዚያ መጋቢት መጣና ኮሮና ገባ፤ «በሽታው ይለፍ» አልሁ። የሰኔው ዓመታዊ ሒሳብ ደረሰ፤ «ሒሳቡ ይዘጋ» አልሁ። በሚቀጥለው ዓመት «የተሻለ መቅረጫ ልግዛ» አልሁ። ገዛሁም። በ2014 ዓ.ም. «የዓመት ፈቃዴን አውጥቼ፣ አንድ ወር ተቀምጬ፣ በሥርዓት ልሥራው» አልሁ። ቅዳሜ ተነሥቼ እሑድ መመለስ እችል ነበር፤ ግን ሁለት ቀን ለእንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ አነሰችብኝ! በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነቱ ተነሣ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሲከፈትም ሰው ይፈራል። የስልክ መሥመር ይጠፋል። ያን ጊዜ የምር ምክንያት አገኘሁ። የምር ምክንያቱ የመጣው ግን ሦስት ዓመት ከሐሰት ምክንያት ጋር ከኖርሁ በኋላ ነው።

የኔታ በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ዜናውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። በዚያ ክረምት ከነገሩኝ ሁሉ በልቤ የቀረው አንድ የመምህራቸው ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። እኔ የማስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ፣ አጠያይቄ፣ እስካሁን አላገኘሁም። ወርቁ ያለው እዚያ በጠፋው ቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ዐሥር ብር ቢጎድል ቤቱ የማይገባው ሰው፣ ይህን ጎደሎ ይዞ በየማታው ይተኛል።

እንግዲህ ይህን ካልሁ በኋላ፣ በየጊዜው ከእኔም ከጓደኞቼም አፍ የምሰማቸውን ማምለጫዎች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ስሜቱ አልመጣልኝም» የሚለው የግጥም ሰዎች የመጀመሪያው ምሽግ ነው። የቅኔ ተማሪው መልስ ሰጥቶበታልና አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቲሞቲ ፒቺልና ፉሺያ ሲሮይስ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ዛሬ ነገ ማለት በዋናነት የሰዓት አያያዝ ጉድለት ሳይሆን የማይመች ስሜትን መሸሽ መሆኑን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይሞግታሉ። ፍርሃቱን፣ መሰልቸቱን፣ «ባይሳካልኝስ» የሚለውን ጭንቀት ለዛሬ ለማባረር ሥራውን ለነገ እንሰጠዋለን። እኔ ራሴን ስመረምር ልክ ሆኖ አገኘሁት። ወደ የኔታ ያልሄድሁት ጊዜ አጥቼ አልነበረም። ቅኔውን ሲነግሩኝ እንደማልረዳው፣ ትቼው የሄድሁት ትምህርት በፊታቸው እንደሚያሳፍረኝ ፈርቼ ነበር። ይህን ለመናገር አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለው ሁለተኛው ነው። ይህን የሚል የባንክ ባልደረባዬ ቲ. ኤስ. ኤልየትን ያስታውስ። ከ1917 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በለንደን ሎይድስ ባንክ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ስመ ጥሩ ያደረገው «ዘ ዌስት ላንድ» የታተመው እዚያው ባንክ ሳለ በ1922 ነው። ያን ለመጨረስ የሕመም ፈቃድ ማስፈለጉን አልደብቅም፤ ዕረፍት መውሰድና ዛሬ ነገ ማለት ግን አንድ አይደሉም። አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ቀርቦ፣ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይጽፍ ነበር። በዚህ መንገድ አርባ ሰባት ልብ ወለድ ትቶ አለፈ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ጦርነት ዘምተው፣ በጣልያን እስር ቤት ማቅቀው፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገር እያገለገሉ ነው። የእኛ ሥራ ከእርሳቸው በዛ ልንል ነውን?

«ለሁሉም ጊዜ አለው» የሚለውን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን ለመኝታችን ትራስ ስናደርግ እንጠቅሰዋለን። ቃሉ ለመትከልም ጊዜ አለው እንጂ ያልተከልህበትም ጊዜ ይመለሳል አላለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም እንዲሁ ተበድሏል። እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋው ነው። ቀስ ማለት እኮ መታቀፍ ነው። ቅርጫት ውስጥ የተረሳ እንቁላል ቀስ እያለ አይሄድም፤ ቀስ እያለ ይሸታል።

ከዚህ ላይ ከወዲያ ማዶ ላሉትም አንድ ቃል አለኝ። መጽሐፍ አዙዋሪው የሚሸጣቸው፣ «በሠላሳ ቀን ሕይወትህን ለውጥ» የሚሉ የትርጉም መጻሕፍት አሉ። ጥቂቶቹን ገዝቼ አንብቤአለሁ። በአብዛኛው የሚነግሩኝ ጊዜ ገንዘብ መሆኑን ነው። እኔ ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ፤ ጊዜ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ቢጠፋ ተፈልጎ ይገኛል፤ ካልተገኘም ከደመወዜ ይቆረጣል። የየኔታን ሁለተኛ ቤት ከየትኛው ደመወዜ ልቁረጥ? ደግሞም እነዚህ መጻሕፍት በቀን ብዙ ሥራ እንድንሠራ እንጂ የትኛውን ሥራ ዛሬ መሥራት እንዳለብን አይነግሩንም። በእነዚያ አምስት ዓመታት እኔ ሥራ ፈት አልነበርሁም። ብዙ ሠርቻለሁ፤ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ምስጋናም ተቀብያለሁ። ያ አንዱ ብቻ ቀረ።

እውነት ነው፤ መቆየት ሁሉ ዳተኝነት አይደለም። መብሰል ያለበት ሐሳብ አለ፤ ቸኩሎ ከመጻፍ የተሻለ ዝምታ አለ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነገር ግን የሚበስለው እሳት ላይ ያለ ነው። በየቀኑ የምትነካካው፣ የምትሰርዘው፣ የምትመለስበት ግጥም ቢቆይ እየበሰለ ነው። ለስድስት ወር ያላየኸው ግጥም እየበሰለ ነው ብትለኝ አላምንህም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምመክረው ከዚሁ ከደጃችን ያለውን ነው፤ ማታና ጆሮ። ከየኔታ ዕረፍት በኋላ ከጎኔ መስኮት ከሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተዋዋልሁ። ሒሳብ ዘግተን ካዝናው ሲቆለፍ፣ ከመውጣታችን በፊት፣ በቀኑ የጻፍኋትን ሁለት ስንኝ እነግረዋለሁ። ግጥም አይወድም፤ ይህም ጠቀመኝ፤ አያዝንልኝምና። «ዛሬስ?» ይለኛል። ከሌለኝ ሻይ እኔ ነኝ ከፋዩ። ትሮሎፕም እንዲቀሰቅሰው ለአሽከሩ በዓመት አምስት ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር፤ ቀስቃሽ መግዛት እንግዲህ ነውር አይደለም። አብዛኛው ስንኜ እርባና የለውም። ጥቂቱ ግን አለ፤ ከባዶ ይሻላል።

ደብተሩንም ከመሳቢያ አወጣሁት። የየኔታን ስም ከመጀመሪያው ገጽ አልሰረዝሁም። በየእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ብቸና ያሉ አንድ አረጋዊ የሚነግሩኝን እጽፋለሁ። ወደ ሞጣ መሄድ በማልችልበት ሳምንት እግሬ ወደሚደርስበት እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ገጽ ሞልቷል። ይህ የየኔታን አይመልስም፤ ማካካሻ ነው ብዬም ራሴን አላታልልም።

እናንተስ? ሞጣ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ፣ ወይም ሌላ ቦታ፣ «ና» ብሎ የጠራችሁ ሽማግሌ የለም? ጽፋችሁ ያልላካችሁት ደብዳቤ፣ ጀምራችሁ የተዋችሁት ግጥም የለም? ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አርፍዳችሁ ስትመጡ «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» አትበሉ። «የእኔ ቀጠሮ ነው» በሉ። ያን ጊዜ አብሬያችሁ እስቃለሁ።

ትናንት ማታ ለባልደረባዬ የነገርሁትን ጨምሬ ላብቃ። አዳምጦ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ «ይህችስ አትከፋም» አለኝ።

የሰው ብር ቆጥሬ፣ በየማታው ስዘጋ፣
የራሴን ጎደሎ፣ አንድም ሳልቆጥር ነጋ።
ነገስ አልዘገየም፣ በሰዓቱ መጣ፤
ቀጣሪው እኔ ነኝ፣ ከቦታው የታጣ።